የእሁድ ገበያው ከመሐል ከተማ ይነሣ? ለአንዲት ነዋሪ ጥያቄ የተሰጠ የባለሙያ ምላሽ

ጥያቄ፦ «በመሐል አዲስ አበባ በሚገኝ ኮንዶሚኒየም እኖራለሁ። ከደጃችን ያለው መንገድ በየሳምንቱ እየተዘጋ የእሁድ ገበያ ይቆምበታል። ‘ገበሬው ያለ ደላላ የሚሸጥበት፣ ለጤናም ለማኅበራዊ ኑሮም የሚበጅ ገበያ ነው’ ይባላል። ዋጋው ግን ብዙ ጊዜ ከጉልት እምብዛም አይለይም፤ ማታ መንገዱ በጎመን ቅጠልና በተጣለ ካርቶን ይሞላል፤ የድምፅ ማጉያው ከጠዋት ጀምሮ ያስቸግራል። የሕንጻችን ኮሚቴ ገበያው ከከተማው ዳር ወዳለ ሰፊ ቦታ እንዲዛወር ፊርማ እያሰባሰበ ነው። እናቴ በበኩሏ እሁድ ገበያ ካልወጣች አይሆንላትም። ገበያው በእርግጥ ለነዋሪው ጤና ይጠቅማል? ወይስ ልፈርም?»

ምላሽ፦ አይፈርሙ። ኮሚቴው የዘረዘራቸው ችግሮች እውነተኛ ናቸው፤ በመፍትሔነት ያቀረበው ሐሳብ ግን ችግሮቹን ወደ ሌላ ሰፈር ያሻግራቸዋል እንጂ አይፈታቸውም፤ በዚያ ላይ ገበያው ለአካባቢው ሰው ከሚሰጠው ጥቅም ዋነኛውን ክፍል ያጠፋዋል። ምክንያቱን ለማስረዳት በጥያቄዎ ውስጥ የተደባለቁትን ሦስት ጉዳዮች መለየት ያስፈልጋል፤ እነሱም ገበያው ርካሽ ነው ወይ፣ ሻጩ በእርግጥ ገበሬ ነው ወይ፣ ለጤናስ ይጠቅማል ወይ የሚሉት ናቸው። ሦስቱ ይገናኛሉ እንጂ አንድ አይደሉም፤ የአንዱ መልስ «አይደለም» ቢሆን ሌሎቹ አብረው አይወድቁም።

ከዋጋው ልጀምር። ከመቂ ወይም ከባቱ ማሳ የተለቀመ ቲማቲም አዲስ አበባ እስኪደርስ ከ130 እስከ 160 ኪሎ ሜትር በአይሱዙ ይጓዛል። ማሳው ላይ የሚሰበስበው ነጋዴ፣ ገበሬውንና ነጋዴውን የሚያገናኘው ደላላ፣ ባለመኪናው፣ ጫኝና አውራጁ፣ አትክልት ተራ የሚቀበለው ደላላና ጅምላ ሻጩ፣ በመጨረሻም ቸርቻሪው እያንዳንዳቸው ድርሻቸውን ይወስዳሉ። በሳጥን ተደራርቦ ሲመጣ ከታች የተጨፈለቀው ቲማቲም ኪሳራም ዞሮ ዞሮ በደህናው ላይ ይታሰባል። የእሁድ ገበያ ከዚህ ሰንሰለት ሊቆርጥ የሚችለው የችርቻሮ ሱቁን ኪራይና፣ አቅራቢው የአምራቾች ማኅበር ወይም ዩኒየን ሲሆን ደግሞ የአንድ ወይም የሁለት ደላሎችን ድርሻ ነው። ነዳጁን፣ ጫኝና አውራጁንና ብልሽቱን ሊቆርጥ አይችልም። ስለዚህ ጥሩ ሆኖ የተደራጀ የእሁድ ገበያ እንኳ ኪሎው ላይ የተወሰነ ብር ይቀንስ ይሆናል እንጂ ዋጋውን በግማሽ እንዲያወርድ መጠበቅ የሰንሰለቱን አሠራር አለማወቅ ነው። በ2016 ዓ.ም. መጀመሪያ አንድ ኪሎ ቀይ ሽንኩርት ከ100 ብር በላይ ሲሸጥ ብዙ ሰው የእሁድ ገበያን መፍትሔ አድርጎ ጠብቆት ነበር። ነገር ግን በክረምት መውጫ ማሳው ላይ በቂ ሽንኩርት ከሌለ መንገድ ዘግቶ ድንኳን መትከል ምርቱን አያመጣውም፤ የዚያ ችግር መፍትሔ በመስኖ፣ በዘርና በማከማቻ በኩል ነው።

«ከጉልት አይለይም» ያሉትንም ቢሆን በጥንቃቄ መመርመር ይገባል። ጉልት ላይ ድንቹም ሽንኩርቱም ብዙ ጊዜ የሚሸጠው በመደብ፣ ማለትም በክምር ነው፤ በእሁድ ገበያ በኪሎ ነው። አንድ መደብ ስንት ግራም እንደሚመዝን ሳይታወቅ ሁለቱን ማወዳደር አይቻልም። ለአንድ ወር ያህል ሦስት ነገሮችን፣ ለምሳሌ ሽንኩርት፣ ቲማቲምና ድንች፣ በአንድ ቀን ከሁለቱም ቦታ ገዝተው ቤት ውስጥ ይመዝኑ፤ የገበያውንም ሚዛን ትክክለኛነት በዚያው ይፈትሹታል። ውጤቱ የእርስዎን ግምት ሊያጸናም ሊያፈርስም ይችላል፤ የትኛውም ቢሆን ኮሚቴው ፊት ሲቀርቡ በእጅዎ የሚይዙት ማስረጃ ይሆንዎታል።

ሻጩ ገበሬ ነው ወይ ለሚለው መልሱ እንደ መደቡ ይለያያል የሚል ነው። በእነዚህ ገበያዎች የሚሰለፉት ሻጮች በጥቅሉ ሦስት ዓይነት ናቸው። እንደ መቂ ባቱ ያሉ የአምራች ገበሬዎች ዩኒየኖችና በከተማው ዙሪያ ያሉ አምራቾች አሉ፤ የሸማቾች ኅብረት ሥራ ማኅበራት አሉ፤ ከጅምላ ተቀብለው የሚያቀርቡ ነጋዴዎችም አሉ። ማን ማን እንደሆነ ለመለየት ብዙ መመራመር አያሻም። ከራሱ ማሳ ያመጣ ሰው የሚሸጠው በወቅቱ የደረሰውን አንድ ወይም ሁለት ዓይነት ሰብል ነው፤ መጠኑ የተበላለጠ ምርት ይዞ ይመጣል፤ መቼ እንደተከለው፣ መቼ መድኃኒት እንደረጨው ቢጠይቁት ሳያመነታ ይመልሳል። በአንድ መደብ ላይ ማንጎውንም፣ ሽንኩርቱንም፣ አፕሉንም፣ ዝንጅብሉንም የደረደረው ነጋዴ ነው። ነጋዴ መሆኑ ነውር የለበትም፤ ምርቱን ከየአቅጣጫው ሰብስቦ ማምጣቱም አገልግሎት ነው። ነውሩ ገበያው «የገበሬ» ተብሎ አብዛኛው መደብ በነጋዴ ሲያዝና ሸማቹ ይህን ሳያውቅ ሲቀር ነው። ስለዚህ በየመደቡ ላይ ሻጩ አምራች፣ ማኅበር ወይም ነጋዴ መሆኑንና ምርቱ ከየት እንደመጣ የሚገልጽ ሰሌዳ እንዲሰቀል መጠየቅ የነዋሪው መብት ነው፤ ወጪውም ከአንድ ቁራጭ ካርቶን አይበልጥም።

አሁን ወደ ጤናው እንምጣ፤ ጥያቄዎ በዋናነት የሚያርፈው እዚህ ላይ ስለሆነ ሰፋ አድርጌ ላስረዳ።

የዓለም ጤና ድርጅት አንድ አዋቂ ሰው በቀን ቢያንስ 400 ግራም አትክልትና ፍራፍሬ እንዲመገብ ይመክራል። እ.ኤ.አ. በ2015 በአገራችን የተካሄደው አገር አቀፍ የጤና ዳሰሳ ከመቶ አዋቂዎች ከ95 የሚበልጡት ከዚህ መጠን በታች እንደሚመገቡ አሳይቷል። ምክንያቱ አንድ ብቻ አይደለም። ዋጋ አለበት። ልማድ አለበት፤ በብዙ ቤት አትክልት የጾም ምግብ ተደርጎ ስለሚታይ ረቡዕና ዓርብ፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ በ55ቱ የሁዳዴ ቀናት ወደ ማዕድ ይመጣና ፍስክ ሲገባ ይቀንሳል። ርቀትና ማስቀመጫም አሉበት። ማቀዝቀዣ የሌለው ቤት ቆስጣና ሰላጣ ገዝቶ ለሳምንት ሊያቆይ አይችልም፤ ትኩስ ነገር የሚበላው ከደጁ ሲያገኝ ብቻ ነው። የመሐል ከተማ ገበያ በቀጥታ የሚነካው ይህን የመጨረሻውን ምክንያት ነው። ብዙ ዓይነት ምርት በአንድ ቦታ፣ በእግር በሚደረስበት ርቀት፣ በተለቀመ በአንድ ወይም በሁለት ቀን ውስጥ ማቅረብ ይችላል። ስለዚህ ለአመጋገብ ይረዳል ማለት ተገቢ ነው፤ አመጋገብን ይለውጣል ማለት ግን ያልተረጋገጠ ነገር መናገር ይሆናል።

በዚህ ጉዳይ ብዙ ጥናት የተደረገው በሰሜን አሜሪካ ነው፤ ውጤቶቹንም ወደ እኛ ስናመጣ ሁለት ነገር ልብ ማለት አለብን። አንደኛ፣ ገበሬ ገበያ የሚያዘወትሩ ሰዎች ብዙ አትክልት እንደሚበሉ ቢታይም፣ ወደዚያ የሚሄዱት ቀድሞውኑ ለጤናቸው የሚጠነቀቁት ሊሆኑ ይችላሉ። ገበያው አመጋገባቸውን ለወጠው ወይስ አመጋገባቸው ወደ ገበያው ወሰዳቸው የሚለውን መለየት ከባድ ነው። ሁለተኛ፣ ዝቅተኛ ገቢ ያላቸው ሰዎች በእነዚያ ገበያዎች የሚገዙት መጠን ጎልቶ የታየው የመግዣ ድጋፍ በታከለበት ጊዜ ነው። የአሜሪካ ኮንግረስ እ.ኤ.አ. በ1992 ነፍሰ ጡሮች፣ አራስ እናቶችና ትናንሽ ልጆች ያሏቸው ዝቅተኛ ገቢ ያላቸው ቤተሰቦች በገበሬ ገበያ የሚመነዘር ኩፖን እንዲያገኙ የሚያስችል ፕሮግራም አቋቁሟል፤ ኋላም ለአረጋውያን ተመሳሳይ ድጋፍ ተጨመረ። እዚያ ውጤት የመጣው ገበያው ስለቆመ ብቻ ሳይሆን ደሃው የሚገዛበት ገንዘብ በእጁ ስለገባለት ነው። እዚህ እንዲህ ያለ ኩፖን በሌለበት ሁኔታ «የእሁድ ገበያ የደሃውን ጤና ያሻሽላል» ብሎ መስበክ ተገቢ አይደለም። ኪሱ ባዶ የሆነ ሰው ገበያው ከደጁም ቢሆን፣ ከአሥር ኪሎ ሜትር ርቀት ላይም ቢሆን አይገዛበትም።

«ከገበሬው እጅ የተገዛ ሁሉ ጤናማ ነው» የሚለውንም እምነት ማረም ይኖርብኛል። በትልቁና በትንሹ አቃቂ ወንዞች ዳር የሚመረቱ ቅጠላ ቅጠሎች ከከተማው የፋብሪካና የቤት ፍሳሽ ጋር በተቀላቀለ ውኃ ስለሚጠጡ በውስጣቸው ከባድ ብረቶች መገኘታቸውን ተደጋጋሚ ምርመራዎች አሳይተዋል። በደንብ ማጠብ ጀርምንና የጥገኛ ትላትል እንቁላልን ይቀንሳል፤ በቅጠሉ ውስጥ የገባውን ከባድ ብረት ግን ማጠብም ማብሰልም አያስወጣውም። ስለዚህ ጎመን፣ ቆስጣና ሰላጣ ሲገዙ ከየት እንደመጣ መጠየቅ፣ ሁልጊዜ ከአንድ ሻጭ ከመግዛትም ምንጩን መለዋወጥ ይሻላል። ቲማቲም ላይ ዋናው ሥጋት የፀረ ተባይ መድኃኒት ነው፤ ከመጨረሻው ርጭት እስከ ለቀማ መቆየት ያለበት የቀን ገደብ ገበያ በጠራ ጊዜ ይጣሳል። በሚፈስ ውኃ አሽቶ ማጠብ ከላይ ያለውን ይቀንሳል፤ ሁሉንም አያስወግድም። በጀሪካን የሚመጣ ጥሬ ወተት ሳይፈላ መጠጣት የለበትም፤ ብሩሴሎሲስም የሳንባ ነቀርሳም በዚህ መንገድ ይተላለፋሉ። እነዚህ ጥንቃቄዎች ለጉልትም ለሱፐርማርኬትም እኩል ይሠራሉ፤ የእሁድ ገበያ ያለው ብልጫ የአምራቹን ፊት አይቶ መጠየቅ የሚቻልበት መሆኑ ነው፤ ያም የሚሆነው እውነተኛ አምራች እዚያ ካለ ነው።

ማኅበራዊ ጥቅሙ ከአመጋገቡ ይልቅ የጠነከረ ማስረጃ አለው፤ ግን እሱም እንዳለ አይቀዳም። ሮበርት ሶመር የተባለ የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ የሥነ ልቦና ተመራማሪ ከባልደረቦቹ ጋር እ.ኤ.አ. በ1981 ባወጣው ጥናት ሰዎች በሱፐርማርኬትና በገበሬ ገበያ ውስጥ እንዴት እንደሚሆኑ ተመልክቶ፣ በገበሬ ገበያው ሰው ከሰው ጋር የሚነጋገረው በጣም በበለጠ ሁኔታ መሆኑን አሳይቷል። ይህ በብዙ ጽሑፍ ይጠቀሳል። የእኛ ከተማ መነሻ ግን ሱፐርማርኬት አይደለም። የሰፈር ሱቅና ጉልት ከደንበኛቸው ጋር በስም ይተዋወቃሉ፤ ዱቤ ይሰጣሉ፤ ሰው ሲታመም ይጠይቃሉ። የእሁድ ገበያ «ሰው ከሰው ጋር እንዲነጋገር አደረገ» ቢባል ለአዲስ አበባ አዲስ ነገር አልመጣም። አዲሱ ነገር ሌላ ነው። በየጉልቱ የሚገናኘው የአንድ ጉልት ሰው ነው፤ በእሁድ ገበያ ግን በአንድ ሕንጻ ውስጥ ላይና ታች እየኖሩ የማይተዋወቁ ሰዎች፣ የአካባቢው ነባር ነዋሪ፣ ከሌላ ሰፈር በመልሶ ልማት ተነሥቶ የመጣ አባወራ፣ ከከተማው ውጭ የመጣ አምራች በአንድ ጎዳና ላይ ይገናኛሉ። ኮንዶሚኒየም ሲገባ ከእድሩ፣ ከእቁቡና ከቡና ጎረቤቱ የተለየ ሰው በርካታ ነው። አዲስ ትውውቅ የሚጀመርበት፣ መግቢያ የማይጠየቅበት፣ ለመቀመጥ ቡና መግዛት ግዴታ ያልሆነበት የጋራ ቦታ በመሐል ከተማ ጥቂት ነው።

እናትዎ እሁድን የማያሳልፉትም በዚህ ምክንያት ይመስለኛል። በዕድሜ ለገፋ ሰው ሳምንታዊ ገበያ ብዙ ነገር በአንድ ላይ ይይዛል። ከቤት የሚወጣበት የታወቀ ቀንና ምክንያት አለው፤ ይራመዳል፤ ይመርጣል፤ ይከራከራል፤ የቤቱን ወጪ የሚወስን ሰው ሆኖ ይሰማዋል። ጡረታ ከወጡ በኋላ ሰውን ወደ ጎን የሚያወጣው አንዱ ነገር ከእሱ የሚጠበቅ ሥራ መጥፋቱ ስለሆነ፣ ይህ እንደ ቀላል ነገር መታየት የለበትም። እኔ የመሐል ከተማን ገበያ ከሁሉ አብልጬ የምደግፈው ለዚህ ነው፤ ኪሎው በሦስት ብር ባይቀንስም እንኳ። ነገር ግን ጥቅሙ የሚገኘው አረጋውያኑ በእግር ደርሰው፣ ጥላ ሥር ዐረፍ ብለው፣ መጸዳጃ ቤት አግኝተው መመለስ ከቻሉ ነው። ብዙዎቹ የእሁድ ገበያዎች ለሻጩ ድንኳን እንጂ ለገዢው አንዲት አግዳሚ ወንበር አላሰቡም።

የማዛወሩን ሐሳብ የምቃወመውም ከዚሁ የተነሣ ነው። ገበያ ሲነሣ ድንኳኑ ብቻ አይነሣም፤ በእግር የሚመጣው ሰው ይቀርና መኪና ወይም የታክሲ ገንዘብ ያለው ብቻ ይከተለዋል። አዲስ አበባ ውስጥ ከግማሽ የሚበልጠው ጉዞ በእግር የሚደረግ መሆኑን ያስታውሱ። ከተማዋ ራሷ ይህን ደጋግማ አይታዋለች። በጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን አጠገብ የነበረው የአራዳ ገበያ በጣሊያን ወረራ ዘመን ወደ ዛሬው መርካቶ ሲዛወር፣ የከተማዋ ንግድ ብቻ ሳይሆን ማን የት ይኖራል፣ ማን የት ይገናኛል የሚለውም አብሮ ተቀየረ፤ የዛሬው ፒያሳና የዛሬው መርካቶ የዚያ ውሳኔ ልጆች ናቸው። በቅርቡም ፒያሳ የነበረው አትክልት ተራ በ2012 ዓ.ም. በኮቪድ ምክንያት ወደ ጃን ሜዳ፣ በ2013 ዓ.ም. ደግሞ ወደ ኃይሌ ጋርመንት ተዛውሯል። ለጅምላ ንግድ ይህ ተገቢ ውሳኔ ነበር፤ የጭነት መኪና በመሐል ፒያሳ መግባቱ ለማንም አይበጅም። ከጉለሌ ወይም ከሽሮ ሜዳ ተነሥታ አንድ ከረጢት ሽንኩርት ለጉልቷ የምትገዛ ሴት ግን ከዚያ ወዲህ ከተማውን አቋርጣ መሄድና ለትራንስፖርት መክፈል ግድ ሆኖባታል፤ ያ ወጪም በሽንኩርቱ ዋጋ ላይ ተደምሯል። ጅምላ ገበያ ወደ ዳር መውጣት አለበት፤ የነዋሪ ሳምንታዊ ገበያ ግን ነዋሪው ካለበት ከራቀ ሥራው ያበቃል። ኮሚቴው ሁለቱን አደባልቋቸዋል።

ከውጭ አንድ ምሳሌ ልጨምር፤ ብዙ ኢትዮጵያውያን በሚኖሩባት በአሜሪካዋ ሲያትል ከተማ የሚገኘው የፓይክ ፕሌስ ገበያ ነው። የተከፈተው እ.ኤ.አ. ነሐሴ 17 ቀን 1907 ሲሆን ምክንያቱም የሽንኩርት ዋጋ መናር ነበር፤ ነዋሪው በደላሎች ላይ ተማርሮ ከተማው ገበሬዎች ከጋሪያቸው ላይ በቀጥታ የሚሸጡበት ቦታ ፈቀደ። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ቦታው አርጅቷል፣ ቆሽሿል ተብሎ ፈርሶ ዘመናዊ ሕንጻ ሊሠራበት ታቅዶ ነበር። ነዋሪዎች ተቃውመው በኅዳር 1971 በተሰጠ ድምፅ ገበያው በቦታው እንዲጠበቅ ወሰኑ። ዛሬ በዚያው ግቢ ከመደቦቹ ጎን ዝቅተኛ ገቢ ላላቸው አረጋውያን መኖሪያ፣ ክሊኒክ፣ የሕፃናት መዋያ፣ የአረጋውያን ማዕከልና የምግብ እርዳታ መስጫ አለ። ያ ገበያ አሁን ሽንኩርትን አርክሶ አይደለም የሚታወቀው፤ በመሐል ከተማ ደሃውና አረጋዊው የሚቆዩበትን ምክንያት ስለጠበቀ ነው። ቁሻሻውንም ያስተካከለው በማዛወር ሳይሆን ቋሚ አስተዳደር በማቋቋም ነው።

እንግዲህ የሕንጻችሁ ችግር መሠረቱ የአስተዳደር ጉድለት ነው። መንገድ ዝጉ፣ ድንኳን ትከሉ ብሎ የሚያዝ አካል አለ፤ ማታ ላይ ገበያው ሲበተን በስሙ የሚጠየቅ ሰው ግን ብዙ ጊዜ የለም። ንግድ ጽሕፈት ቤቱ ዋጋውን ይከታተላል፤ የጽዳቱ ጉዳይ የሌላ መሥሪያ ቤት ነው፤ ትራፊኩ የሌላ፤ ምግቡን የሚቆጣጠረው የሌላ። መጀመሪያ የሚያስፈልገው ገበያው የሚከፈትበትን፣ የሚዘጋበትንና የሚጸዳበትን ሁሉ ኃላፊነት ወስዶ ስልኩ ለነዋሪው የተሰጠ አንድ የገበያ አስተባባሪ ነው። ይህ ሰው ካለ የቀረው ዝርዝር በአብዛኛው ቀላል ነው። የድምፅ ማጉያ ሙሉ በሙሉ መከልከል ይቻላል፤ ዋጋው በሰሌዳ ከተጻፈ ማንም መጮህ አያስፈልገውም። ሻጮች ከመደባቸው በሚሰበሰብ አነስተኛ ክፍያ የጽዳት ሠራተኞችን ሊቀጥሩ ይችላሉ፤ በከተማ ልማታዊ ሴፍቲኔት የታቀፉ የአካባቢው ሰዎች ቀድሞውኑ በጽዳት ሥራ ስለሚሰማሩ የእሁድ ምሽት ፈረቃ እንዲመደብላቸው ወረዳውን መጠየቅም ይቻላል። የጎመኑ ቅጠልና የበሰበሰው ቲማቲም ከካርቶኑ ተለይቶ ከተሰበሰበ ለከተማ ግብርና ማዳበሪያ ይሆናል፤ ተቀላቅሎ ሲጣል ግን ወደ ረጲ የቆሻሻ መጣያ የሚሄድ ሌላ ጭነት ነው።

ሰዓቱም መታሰብ አለበት። ገበያው ከማለዳ ተነሥቶ እስከ ምሳ ሰዓት ብቻ ቢቆም፣ ቅዳሴ የሚያስቀድሰው ሰው ሲወጣ ይደርስበታል፤ አምልኮው እስከ ቀትር የሚዘልቅ ፕሮቴስታንት ቤተሰብ ግን አይደርስም። ከጠዋቱ 2 ሰዓት እስከ ቀኑ 9 ሰዓት ድረስ ቢሆን ሁሉንም ያስተናግዳል፤ ከዚያም ከ10 ሰዓት በፊት ተጠርጎ መንገዱ እንዲከፈት በጽሑፍ መወሰን አለበት። ከሁሉ በላይ የማይታለፈው የአምቡላንስና የእሳት አደጋ መኪና መተላለፊያ ነው፤ ቢያንስ 4 ሜትር ስፋት ያለው ክፍት መስመር ከዳር እስከ ዳር ካልተጠበቀ ገበያው ለጤና ይጠቅማል የሚለው ክርክር ሁሉ ዋጋ የለውም። በዚህ ላይ ለመደራደር አይስማሙ።

አንድ ከባድ ማስጠንቀቂያ አለኝ። የእሁድ ገበያ በደንብ ሲሠራ ሊጎዳ የሚችለው ትልቁ ነጋዴ አይደለም፤ ከእርስዎ ሕንጻ ሥር ስድስቱን ቀን ጉልት ዘርግታ የምትውለው ሴት ናት። ሳምንቱን ሙሉ ሰው እንዲበላ የምታደርገው እሷ ናት፤ እሁድ ሳይሆን ማክሰኞ ማታ ሽንኩርት ያለቀበት ቤት የሚሮጠው ወደ እሷ ነው፤ ገንዘብ ያጠረው ሰው በዱቤ የሚያገኘውም ከእሷ ነው። ገበያው የእሁድ ሽያጯን ወስዶ ለእሷ ቦታ ካልሰጣት፣ የሰፈሩን ኑሮ አሻሻልን እያልን የሰፈሩን አንዲት አስፈላጊ ሰው እናደኸያለን። በመሆኑም በአካባቢው ለታወቁ የጉልት ሴቶች በእሁድ ገበያው መደብ ያለ ክፍያ እንዲሰጣቸው፣ ዩኒየኖችና ማኅበራትም በዚያው ቀን በጅምላ ዋጋ ለሳምንት የሚበቃቸውን እንዲሸጡላቸው አጥብቄ እመክራለሁ። ይህ ሁለተኛው በጣም አስፈላጊ ነው፤ ከኃይሌ ጋርመንት ድረስ የሚያደርሰውን የትራንስፖርት ወጪ ያስቀርላታልና የጉልቱም ዋጋ ሳምንቱን ሙሉ ሊቀንስ ይችላል።

ገበያውን ለሌላ የጤና አገልግሎት መጠቀምም ይቻላል፤ ነገር ግን ልከኛ ይሁን። በወር አንድ ጊዜ የከተማ ጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎች በአንድ መደብ ተቀምጠው የደም ግፊት ቢለኩ፣ ሕመም ሳይሰማው ግፊቱ ከፍ ብሎ የሚኖር ሰው ይገኛል። በገበያ ግርግር መካከል የተለካ አንድ ቁጥር ግን ምርመራ አይደለም፤ ከፍ ያለ ሲገኝ ወደ ጤና ጣቢያ ተልኮ እንደገና መለካት አለበት። ይህን ማድረግ የማይቻል ከሆነ ባይጀመር ይሻላል።

ምክሬ እንግዲህ ይህ ነው። የኮሚቴውን ፊርማ አይቃወሙት፤ ጽሑፉ እንዲቀየር ያድርጉ። «ገበያው ይነሣልን» የሚለው ቀርቶ፣ ገበያው በቦታው እንዲቆይና በስም የታወቀ አስተባባሪ እንዲመደብለት፣ የድምፅ ማጉያ እንዲከለከል፣ የሚከፈትበትና የሚጸዳበት ሰዓት እንዲወሰን፣ 4 ሜትሩ መተላለፊያ እንዲከበር፣ መጸዳጃና መቀመጫ እንዲኖር፣ የምርቱ ምንጭ በየመደቡ እንዲጻፍ፣ ለነዋሪው የማመሳከሪያ ሚዛን እንዲቆም፣ ለጉልት ሴቶችም ቦታ እንዲሰጥ የሚጠይቅ ይሁን። ለወረዳው ንግድ ጽሕፈት ቤት ሲያስገቡ ግልባጩን ለጽዳት አስተዳደሩና ለትራፊክ ማኔጅመንት ያድርጉ፤ አንዱ ወደ ሌላው እንዳይገፋው። የሦስት ወር ጊዜ ይስጡ፤ በዚያ ጊዜ ውስጥ ከኮሚቴው ሁለት ሰው በየሳምንቱ የሦስቱን ምርቶች ዋጋ ከጉልት ጋር እያነጻጸረ፣ ከመደቦቹ ስንቱ የአምራች እንደሆነ እየቆጠረ፣ መንገዱ ስንት ሰዓት ላይ እንደተጠረገ እየመዘገበ ይያዝ።

ከሦስት ወር በኋላ መተላለፊያው አሁንም እየተዘጋ ከሆነ፣ ወይም መንገዱ ጠባብ ሆኖ ሊጠበቅ እንደማይችል ከታየ፣ ያን ጊዜ መዛወሩን እኔም እደግፋለሁ። በዚያም ጊዜ የሚመረጠው ቦታ በከተማው ዳር ያለው ሜዳ መሆን የለበትም፤ ከሕንጻችሁ በእግር ከ15 ደቂቃ የማይበልጥ ሌላ ጎዳና፣ የትምህርት ቤት ግቢ ወይም እሁድ ባዶ የሚሆን የመኪና ማቆሚያ ይፈለግ፤ ርቀቱም በእናትዎ እርምጃ እንጂ በወጣት እርምጃ ይለካ።